ትግል፣ ዱላና ገና ጨዋታ በአዲስ አበባ ዙሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሱሉልታ እስከ ቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ እስከ ዓለም ገና ባሉት የከተማው ዳርቻዎች ባህላዊ ትግልና ዱላ መማር ወይም ማስተማር የሚፈልጉ ወጣቶች፣ ወላጆችና የስፖርት መምህራን ደጋግመው የሚጠይቁት እዚህ ተሰብስቧል። አንዳንዱ መልስ ረዝሟል፤ ሰው የሚጎዳው ወይም የሚጣላው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው።

"የአፍሪካ ማርሻል አርት" የሚባል አንድ ነገር አለ?

የለም። ያለው ብዙ ዓይነት ጨዋታ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ባለቤት፣ ወቅትና ሕግ አለው። በሰሜን ናይጄሪያ የሐውሳ ሥጋ ሻጮች ያሳደጉት ዳምቤ የቡጢ ጨዋታ ነው። ተጋጣሚው ጠንካራ እጁን በጨርቅና በገመድ ጠቅልሎ እንደ ጦር ይመታበታል፤ ሌላውን እጁን ዘርግቶ እንደ ጋሻ ይመክትበታል። ሦስት ዙር አለው፤ የአንዱ እጅ ወይም ጉልበት መሬት ሲነካ ዙሩ ያልቃል። የሴኔጋሉ ላምብ ትግል ነው። እዚያ የአገሪቱ ትልቁ ስፖርት ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ2018 ፒኪን በተባለችው የዳካር ዳርቻ 20 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ስታዲየም ለብቻው ተሠርቶለታል። የላይኛው ግብፅ ታህቲብ በረጅም ዱላ፣ በከበሮና ሚዝማር በሚባል የትንፋሽ መሣሪያ ታጅቦ የሚካሄድ ነው። በደቡብ አፍሪካ ዙሉዎች በአንድ እጅ የመምቻ፣ በሌላው የመመከቻ በትር ይይዛሉ። ሶማሊያ ውስጥ አፍጎዬ ላይ በአዲስ ዓመት የሚደረገው ኢስቱንካም የዱላ ፍልሚያ ነው።

እነዚህን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው አመታታቸው አይገናኝም። የሚገናኙት በአንድ ነገር ነው፦ ጨዋታው ሳይጀመር ማን እንደሚገላግልና ምን ሲሆን እንደሚቆም ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከታች ደጋግመን የምንመለሰው ወደዚሁ ነው።

በኢትዮጵያ የታወቁት የትኞቹ ናቸው?

በአገር አቀፍ ደረጃ ሕግ ወጥቶላቸው ውድድር የሚካሄድባቸው የባህል ስፖርቶች 11 ናቸው፦ ትግል፣ ገና፣ ፈረስ ጉግስ፣ ፈረስ ሽርጥ፣ ቀስት፣ ኮርቦ፣ ቡብ፣ ሁርቤ፣ ሻህ፣ ገበጣ ባለ 12 እና ገበጣ ባለ 18። ከእነዚህ በቀጥታ ፍልሚያ የሚባለው ትግል ብቻ ነው። ጉግስና ቀስት የጦር ሜዳ ልጆች ናቸው። ገና ኳስ ጨዋታ ነው ቢባልም ቁርጭምጭሚቱን የተመታ ሰው በዚህ አይስማማም።

ከዝርዝሩ ውጭ የቀረም አለ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሱርማዎችና ሙርሲዎች ዶንጋ በሚሉት ረጅም ዱላ የሚያደርጉት ፍልሚያ፣ እረኞች ከብት ሲጠብቁ የሚጫወቱት ዱላ፣ ሠርግና ክብረ በዓል ላይ ከፉከራና ከሽለላ ጋር የሚታየው የበትር አያያዝ የትኛውም ዝርዝር ውስጥ የሉም። አለመመዝገባቸው ቅርስነታቸውን አይቀንሰውም።

ልጄን ትግል ማስጀመር እፈልጋለሁ። ምን ያስፈልጋል?

ከሁሉ በፊት መሬት። በከተማው ዳር ያለው ባዶ ቦታ አብዛኛው ዋልካ አፈር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም እግር ይይዛል፤ በክረምት ይጨቀያል፣ ተረከዝ ሲጣበቅ ደግሞ ጉልበት ይጠመዘዛል። ስለዚህ ባዶ መሬት ላይ አታታግሉ፤ ከሁለት ርካሽ መንገዶች አንዱን ምረጡ።

የመጀመሪያው ጭድ ነው። የጤፍ ጭድ በ50 ኪሎ ማዳበሪያ ሞልታችሁ አፉን በወፍራም ክር ስፉ። 4 በ4 ሜትር ለሚሆን ቦታ 40 ያህል ማዳበሪያ ይበቃል። በጣም አትጠቅጥቁት፤ የተጠቀጠቀ ማዳበሪያ ግንድ ይሆናል። እንደ ጡብ አጠጋግታችሁ ደርድሩና ዙሪያውን በገመድ እሰሩ፤ ከላይ ሸራ ወጥራችሁ ጠርዙን ከሥር አስገቡ። ስህተት የሚፈጠረው ክፍተት ላይ ነው፤ በሁለት ማዳበሪያ መካከል የእግር ጣት ከገባ ይሰበራል። ጭዱ በሁለትና በሦስት ወር ይተኛል፣ ያኔ ይጨመርበታል። ዝናብ ከነካው ይሻግታል፤ ማታ ሸራውን ገልጣችሁ ካላናፈሳችሁት ደግሞ አይጥ ይቀድማችኋል።

ሁለተኛው ሰጋቱራ ነው። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይኑረው። ከእንጨት ሥራ ቤት የሚመጣ ሰጋቱራ ምስማርና ስንጥር አያጣም፤ በወንፊት ሳይነፋና ማግኔት ሳይታይበት ልጅ አይወድቅበትም። በደረቅ ወቅት ትንሽ ውኃ ካልተረጨበት አቧራው ሳል ያመጣል።

ልብስ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ኪስና ዚፕ የሌለው ቁምጣና ጠንካራ ካናቴራ ይበቃል። ጥፍር ይቆረጥ፤ የአንገት ማተብ፣ ቀለበትና የጆሮ ጌጥ ይውለቅ። ማተብ አላወልቅም የሚል ልጅ ካለ አስገድዳችሁ አታስወልቁት፤ በካናቴራው ውስጥ በፕላስተር ደረቱ ላይ ይለጠፍለት።

የመጀመሪያው ወር ምን ይመስላል?

አሰልቺ ነው፤ አሰልቺ መሆንም አለበት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማንም ማንንም አይጥልም፤ የሚማሩት መውደቅ ብቻ ነው።

ቁጢጥ ብሎ ይጀመራል። አገጭ ወደ ደረት ይጠጋል፣ ጀርባ እንደ ቅል ይጎብጣል፤ ልጁ ወደ ኋላ ሲንከባለል ሁለቱ ክንዶቹ ከመዳፍ እስከ ክርን በአንድ ጊዜ መሬቱን ይመታሉ። "ጧ" የሚል አንድ ድምፅ መሰማት አለበት። ሁለት ድምፅ ከተሰማ አንዱ እጅ ዘግይቷል ማለት ነው። ድምፁ "ዱብ" ከሆነ የመታው ጀርባው ነው፤ እንደገና ይሞክር። በየቀኑ 20 ጊዜ፣ ከዚያ በግማሽ ቁመት፣ ከዚያ ቆሞ፣ ከዚያም በጎን።

ለዚህ የምንጨነቅበት ምክንያት አለ። ያልሰለጠነ ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬት ይደገፋል። የገላው ክብደት ሁሉ በዚያች በተዘረጋች እጅ ላይ ያርፍና አንጓው ይሰበራል፣ ክርኑ ይወልቃል ወይም የትከሻ አጥንት ይሰበራል። ትግል ላይ ከሚደርሰው ጉዳት ብዙው አጥቂው የሚያመጣው ሳይሆን ወዳቂው በራሱ ላይ የሚያመጣው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት አያያዝ ይመጣል። አንድ እጅ በተጋጣሚው ብብት ሥር ገብቶ ጀርባውን ይይዛል፣ ሌላው ክንዱን ከክርኑ በላይ ይይዛል። ጣት ከጣት አይጠላለፍ፤ መዳፍ በመዳፍ ይቆለፍ። ሲጣል ጣት የተጠላለፈበት ሰው ጣቱን አውጥቶ መልቀቅ አይችልም። በአራተኛው ሳምንት አንድ ጠለፋ ብቻ ይማራሉ፦ ተጋጣሚው ክብደቱን በአንድ እግሩ ላይ ሲጥል ያንን እግር ከውጭ በኩል በባታችሁ ጠልፋችሁ ደረቱን በደረታችሁ መግፋት። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ባዶውን እግር በመጥለፍ ነው። ክብደት የሌለበት እግር ቢጠለፍ ይነሳል እንጂ ሰውየው አይወድቅም፤ ጠላፊው ግን በአንድ እግሩ ቀርቷልና እሱ ይወድቃል።

በትግል የሚከለከለው ምንድን ነው?

አንገት ማነቅ፣ ጣት ለይቶ መጠምዘዝ፣ ፀጉርና ጆሮ መያዝ፣ ጉልበትን ከጎን መርገጥ፣ አንሥቶ በጭንቅላት መትከል። የወደቀ ሰው ላይ መጨመርም አይቻልም። ከ5 ኪሎ በላይ ልዩነት ያላቸውን ልጆች አታጋጥሙ፤ "እሱ ትንሽ ቢሆንም ጎበዝ ነው" የሚባለው ልጅ ነው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው።

ገላጋይ ሳይኖር ልምምድ አይጀመርም። ገላጋዩ የሚቆመው ከሁለቱ አንድ እርምጃ ርቆ፣ ጭንቅላታቸውን ሊያይ በሚችልበት በኩል ነው። "በቃ" ሲል ሁለቱም እዚያው ይለቃሉ፤ "አንዴ ልጨርስ" የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ያልለቀቀ ያን ቀን ተቀምጦ ያያል፤ ሁለተኛ ከደገመው ወላጁ ይጠራል። ጠንክሮ የሚጥል ተማሪ በየቦታው ይገኛል። "በቃ" ሲባል የሚለቀውን ለማግኘት ግን ወራት ይፈጃል።

ልጅ ከተጎዳ ወደ ወጌሻ ልውሰደው?

ለተሳሳበ ጡንቻ ቀዝቃዛ ነገርና እረፍት ይበቃል። ያበጠ፣ ቅርፁ የተለወጠ ወይም ክብደት የማይችል እጅና እግር ግን ራጅ ሳይነሣ አይታሽም፤ የተሰበረ አጥንት ሲታሽ ደም ሥርና ነርቭ ሊቆርጥ ይችላል። ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ራሱን ከሳተ፣ ካስመለሰው፣ ከደነዘዘ ወይም ጥያቄ እየደጋገመ ከጠየቀ በቀጥታ ሐኪም ቤት ይሂድ። ምልክቱ ቢጠፋም ያን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም።

ዱላ ከምን እንጨት ይሠራ?

ምርጡ ወይራ ነው፤ ቀጥሎ ክትክታ። ሁለቱም ከባድና ድርቅ ያሉ ናቸው፤ ሲመቱ ይሰረጎዳሉ እንጂ ቶሎ አይሰነጠቁም። 1.5 ሜትር ርዝመትና አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር ያለው የወይራ ዱላ 700 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቁመት ለመለካት ዱላውን አጠገባችሁ አቁሙት፤ አፉ ከብብት እስከ አገጭ ባለው መካከል ይድረስ።

ባሕር ዛፍ በእንጦጦም በየጓሮውም ሞልቷል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ለዱላ ግን አይሆንም። ሲደርቅ ይጠመዘዛል፣ ሲመታ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ስንጥሩ ወደ ዓይን የሚሄድ ስለሆነ ለልጆች ጭራሽ አትስጡት። ወይራ አገር በቀል ዛፍ ነው፤ ከጥብቅ ደን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ሆነ ከሰው ማሳ ሳያስፈቅዱ መቁረጥ ያስጠይቃል። ከዱላ ሻጭ መግዛት ወይም ጓሮው ያለውን ገበሬ መጠየቅ ይሻላል።

እርጥብ እንጨት ካገኛችሁ አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚቆረጠው በደረቁ ወቅት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ልጡ በዕለቱ ይላጣል፤ ቢያድር ይጣበቃል። ሁለቱ ጫፎች ወዲያው ሰም ወይም ሞራ ይቀቡ፤ እንጨት ውኃውን ቶሎ የሚያጣው በጫፉ ስለሆነ ያልተቀባ ጫፍ ይሰነጠቃል። ከዚያ ቀጥ ካለ አጣና ጋር ሦስት አራት ቦታ ታስሮ ጥላ ውስጥ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቆያል። ፀሐይ ላይ ያሰጣ ሰው በሳምንቱ እባብ ይዞ ይመለሳል።

ከደረቀ በኋላ የጎበጠውን ቦታ ፍም ላይ እያገላበጣችሁ አሙቁት፤ ነበልባል አይንካው። እጅ የማያስይዝ ሙቀት ላይ ሲደርስ ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ አቅኑትና እስኪበርድ ድረስ እንደያዛችሁት ቆዩ። ቶሎ ከለቀቃችሁት ወደ ጉብጠቱ ይመለሳል። በመጨረሻ በጠርሙስ ስባሪ ይፋቃል፣ ቅቤ ወይም ዘይት ይጠጣል፣ ጥቂት ቀን ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ይሰቀላል። ሲጨርስ ቀለሙ ወደ ቀይ ዳማ ይሄዳል፤ በጥፍር ስታንኳኩት "ቂን" ይላል። የፈዘዘ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ውስጡ ገና እርጥብ ነው ወይም ስንጥቅ አለው።

በዱላ መለማመድ እንዴት ይጀመራል?

በወይራ አይጀመርም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሸምበቆ በስፖንጅ ተጠቅልሎ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ይሠራበታል። የኤሌክትሪክ ፕላስቲክ ቱቦ የሚጠቀሙ አሉ፤ በጠዋት ብርድ ሲመታ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራልና ተዉት።

መጀመሪያ የሚጠናው ርቀት ነው። ሁለቱም ዱላቸውን ሲዘረጉ ጫፍና ጫፍ ብቻ የሚነካካበት ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ ለአንድ ወር ከዚያ አይቀራረቡም። ቀጥሎ መመከት። ዱላ በአግድም ከተያዘ የሚመጣው ምት ተንሸራቶ ጣት ላይ ያርፋል፤ ከጉዳቱ ሁሉ የበዛው የጣት ነው። ስለዚህ የሚመክተው ዱላ ሁልጊዜ ጋደል ይበል፤ የተመታው ምት ወደ መሬት እንዲንሸራተት እጅ ከላይ፣ ጫፉ ወደ ታች ይሁን። ለጀማሪ የሚፈቀደው ዒላማ ታፋና የላይኛው ክንድ ብቻ ነው። ራስ፣ ፊት፣ እጅና ጉልበት አይመታም፤ በዱላው ጫፍ መውጋት በማንኛውም ደረጃ ክልክል ነው። ከመጠን በላይ ጠንቃቃ ነን የሚል ካለ ይበል፤ ዓይን ተለዋጭ የለውም።

ገና ጨዋታን በሰፈር እንዴት እናዘጋጅ?

የሚያስፈልገው ጫፉ የተቆለመመ ዱላና ሩር (ኳሱ) ነው። ሩሩ ከእንጨት ተጠርቦ ወይም ከጠፍር ተጠምጥሞ ይሠራል፤ ለልጆች የጠፍሩን ምረጡ። ዱላው ለአዋቂ ከወገብ አይለፍ፣ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቆልማማው ክፍል ተፈጥሯዊ ጉብጠት ካለው ቅርንጫፍ ይምጣ፤ በእሳት የተቆለመመ ዱላ በሦስተኛው ጨዋታ ይከፈታል።

በጥንቱ አጨዋወት የተጫዋች ቁጥርም የሜዳ ስፋትም ወሰን አልነበረውም፤ የላይ መንደር ከታች መንደር ተጋጥሞ እስኪመሽ ይሄዳል። "በገና ጨዋታ፣ አይቆጡም ጌታ" የተባለው ያን ቀን ጭሰኛውና ባላባቱ በአንድ ሜዳ ስለሚተራመሱ ነው። የተመታው ጌታ ቂም አይዝም። ጨዋታው ራሱ ገላጋይ ሆኖ ተሠርቷል ማለት ይቻላል። ዛሬ ግን በኮንዶሚኒየም ሜዳ ላይ በመኪናና በሕፃናት መካከል ሃምሳ ሰው ዱላ አያወዛውዝም። በቡድን ከ8 እስከ 10 ሰው፣ በሁለት አጋማሽ 15፣ 15 ደቂቃ፣ ከጉልበት በላይ ዱላ ያነሣ ይወጣል የሚል ሕግ ይበቃችኋል። የእግር ኳስ የቅልጥም መከላከያ ካላችሁ አድርጉ። ከቆላ የመጣ እንግዳ ካለ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት፤ እንደ ሱሉልታ ባለ ከፍታ ትንፋሽ ይቆርጣል።

ጉግስስ?

ፈረስ፣ ጋላቢና ሰፊ ሜዳ ለሌለው አንመክርም። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው እያሳደደ ጫፍ አልባ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸው ዞር ብሎ በጋሻው ይመክታል። ጋላቢ ፈረሱን በጉልበቱ ብቻ መምራት ካልቻለ ለጋሻውና ለዘንጉ የሚተርፍ እጅ የለውም። ፈረስ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል፤ ከመንደር ወደ ሜዳ ሲወሰድ ዳር ዳሩን በአፈሩ ይሂድ።

ትግሉና ጉግሱ የአማራ ነው፣ የኦሮሞ ነው፣ ወይስ የማን?

በዳርቻዎቹ ብዙ ስብስብ የሚፈርሰው በዚህ ጥያቄ ነው። እዚህ አካባቢ ነባሩ ገበሬ ኦሮሞ ነው፤ በኮንዶሚኒየሙና በአዲሱ ሰፈር ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ይኖራል። ሁሉም "የአያቴ ጨዋታ" ይላል፤ ብዙውን ጊዜም ሁሉም ልክ ነው።

ፈረስን ተመልከቱ። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር። በፈረስ ስም መጠራት ከኦሮሞ ፈረሰኞችም ከሸዋ መኳንንትም ጋር የኖረ ነው፤ በአገው ምድር ደግሞ ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ይሰበሰባሉ። ከዚህ መካከል አንዱን ባለቤት መርጦ ሌላውን ተበዳሪ ማድረግ አይቻልም።

በትርም እንዲሁ ነው። የኦሮሞ ሴቶች የሚይዙት ሲንቄ ከበትር ወገን ነው፤ ሥራው ግን መምታት አይደለም። ሲንቄ የያዙ ሴቶች በሚጣሉ ሰዎች መካከል ከቆሙ ጠቡ መቆም አለበት፣ አልፎ የሄደ ሕግ ጥሷል። የዱላ ትምህርት የሚሰጥ ሰው ይህን ካልነገረ ግማሹን ደብቋል።

የምንመክረው ቀላል ነው። ስልቱን ከማን እንደተማራችሁ በስሙ ጥሩት፦ "ይህ አያያዝ ከሰንዳፋ እረኞች የተወሰደ ነው"፣ "ይህ የመንዝ ነው"። ቃሉንም በመጣበት ቋንቋ ተዉት። "የኢትዮጵያ ጥንታዊ ማርሻል አርት" ብላችሁ አዲስ ስም አውጥታችሁ፣ ቀበቶ ሸልማችሁ፣ የ3 ሺህ ዓመት ታሪክ ከጻፋችሁለት ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው አያውቁትም።

ዶንጋን እዚህ ማስተማር ይቻላል?

አንመክርም፤ ምክንያቱ ከባድ መሆኑ ብቻ አይደለም። ዶንጋ ከሁለት ሜትር የሚበልጥ ዱላ ነው፤ ሱርማዎች ግጥሚያውን ሳጊኔ ይሉታል። ወጣቶች በመንደር በመንደር ተሰልፈው ይጋጠማሉ፤ ዳኞች አሉ፣ የወደቀ አይመታም፣ ሰው መግደል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የገደለ ሰው ቤተሰብ ካሳ ይከፍላል። እንግዲህ ያንን ዱላ የሚያስይዘው ዱላው ሳይሆን ዙሪያው ነው፦ ዕድሜ፣ ዘመድ፣ ዳኛ፣ ካሳ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ አውቶማቲክ ጠመንጃ ወደ አካባቢው ሲገባ አንዳንዱ ግጥሚያ በተኩስ መጠናቀቅ ጀመረ። ሕጉ ሲላላ ምን እንደሚከተል ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ኮተቤ ላይ ዱላውን ብቻ ያነሣ ሰው ያነሣው ድብደባውን ነው። ለጎብኚ ካሜራ ተብሎ ያለ ወቅቱ የሚደረገውም ከዚህ አይሻልም።

መማር የሚፈልግ ሱርማዎችን ወይም ሙርሲዎችን ጋብዞ ስለ ሕጉ ያዳምጥ፤ ለዕውቀታቸውም ይክፈል።

ልጄ ቴኳንዶ ይማራል። ባህሉን ጥሏል ማለት ነው?

አይደለም። መውደቅ፣ ሚዛን፣ ዳኛን መስማት በሁሉም አንድ ነው፤ ቴኳንዶ የሚያውቅ ልጅ ትግል ቶሎ ይለምዳል። መጀመሪያ ላይ የሚያስቸግረው እግሩን ማንሣት መልመዱ ነው፤ ትግል ላይ የተነሣ እግር የተያዘ እግር ነው። ራሳቸው ኮሪያውያንም ቴኳንዶን አሁን ባለው ስሙና ቅርጹ ያደራጁት በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። እኛም ያለንን ማደራጀት እንችላለን።

ኩንግ ፉና ካራቴ ከግብፅ ወጡ የሚባለው እውነት ነው?

ማስረጃ የለውም። እውነት የሆነው ይህ ነው፦ በመካከለኛው ግብፅ ቤኒ ሐሰን በሚባለው ቦታ 4 ሺህ ዓመት ገደማ የሆናቸው መቃብሮች አሉ፤ የአንዱ ግድግዳ ላይ ከ200 በላይ ጥንድ ታጋዮች ተስለዋል። ጠለፋው፣ ወገብ ይዞ ማንሣቱ ዛሬ የምናውቀው ነው። የሰው ገላ ግን በየትኛውም አገር ሁለት እጅና ሁለት እግር ስላለው፣ ጠለፋ ከጠለፋ መመሳሰሉ ብቻውን ዝምድና አያሳይም። አፍሪካ የራሷ የሆነ ይህን ያህል እያላት የቻይናን መውሰድ አያስፈልጋትም።

ካፖይራስ የአፍሪካ ነው ወይስ የብራዚል?

ካፖይራ በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ብራዚል ውስጥ የሠሩት፣ ፍልሚያና ጭፈራ የተቀላቀለበት ጨዋታ ነው፤ ሁለቱም ይገባዋል። ደቡብ አንጎላ ውስጥ እንጎሎ የሚባል የእግር ጨዋታ አለ፣ ብዙ ተመራማሪዎች ከካፖይራ ጋር ያዛምዱታል፤ ምን ያህል እንደሚዛመዱ ግን ክርክሩ አላለቀም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ1890 በወንጀል ሕግ ከልክላው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የካፖይራ ክብ በዩኔስኮ ሲመዘገብ የቀረበው በዚያችው ብራዚል ነው።

ሴቶች ይታገላሉ?

አዎ። በደቡብ ሴኔጋል በጆላዎች ዘንድ ልጃገረዶች መታገላቸው የቆየ ልማድ ነው። ልምምዱ አንድ ዓይነት ነው፤ ሴት ከሴት፣ በክብደት ይጋጠማሉ። ወላጆች እንዳይሰጉ አንዲት ሴት አሰልጣኝ ወይም ገላጋይ ትኑር፤ የልብስ መቀየሪያ ቦታም ይለይ።

ፈቃድ ማን ይሰጣል?

መጀመሪያ ሜዳው በማን ሥር እንዳለ እወቁ። አንድ አስፋልት ተሻግሮ አዲስ አበባ አልቆ ሸገር ከተማ ሊሆን ይችላል፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታና ለገጣፎ ለገዳዲ በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። ደብዳቤው የሚገባው ለዚያው ወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ነው፤ በሸገር በኩል ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። የሰፈሩን ፖሊስም አስቀድማችሁ አሳውቁ። ሃያ ወጣት ዱላ ይዞ መንገድ ላይ ሲሄድ ያየ ፖሊስ ስለ ቅርስ አያስብም። ዱላዎቹ በአንድ ጆንያ ታስረው ሜዳው አጠገብ ያለ ቤት ይደሩ፤ ማንም በግሉ ይዞ አይመላለስ። ፖለቲካ በተወጠረበት ሳምንት ደግሞ ልምምዱ ትግልና መውደቅ ብቻ ይሁን።

ጨዋታችንን ዩኔስኮ ላይ ማስመዝገብ እንችላለን?

እናንተ በቀጥታ አትችሉም፤ የሚያቀርበው መንግሥት ነው። ኢትዮጵያ መስቀልን እ.ኤ.አ. በ2013፣ ፍቼ ጨምበላላን በ2015፣ ገዳን በ2016፣ ጥምቀትን በ2019፣ የሐረሩን ሹዋሊድ በ2023 አስመዝግባለች። ከፍልሚያ ወገን የግብፅ ታህቲብ በ2016 ተመዝግቧል። መመዝገብ የባለቤትነት ካርታ አይደለም፤ ሌላው እንዳይጫወት አይከለክልም። በአገር ውስጥ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት የሌለውን ቅርስም ይጨምራል፤ መነሻው የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው። ይዛችሁ የምትሄዱት ግን መረጃ ነው፣ ስሜት አይደለም።

መረጃውን ከሽማግሌዎች እንዴት እንሰብስብ?

ፈቃድ ጠይቁ፤ ፈቃዱንም በድምፅ ቅረጹት። አንድ ስልክ ከፊት፣ ሌላው ከጎን ሆኖ እግር እንዲታይ ዝቅ ብሎ ይቁም፤ ፊት ብቻ የሚታይበት ቀረጻ ለማስተማር አይጠቅምም። አባባ አቅማቸው ካልፈቀደ እንዲያሳዩ አታስጨንቋቸው፤ ሁለት ወጣት ፊታቸው ቁሙና እሳቸው ያርሟችሁ። ያኔ በቃል የማይነግሩት ይወጣል፦ "ክርንህ ወጣ"፣ "ተረከዝህን አታንሣ"። የእያንዳንዱን አያያዝ ስም በራሳቸው ቋንቋ ጻፉ፤ ከማን እንደተማሩት፣ በየትኛው ወር እንደሚጫወቱት፣ ሜዳው የት እንደነበር መዝግቡ። ሜዳው ዛሬ ፎቅ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ሄዳችሁ ቦታውን አሳዩን በሏቸው፤ እዚያ ሲቆሙ ብዙ ይታወሳቸዋል።

ስለ አጣጣላቸው ሁሉም ይጠይቃቸዋል። እናንተ ስልኩን ከማጥፋታችሁ በፊት ደግሞ ይህን ጠይቁ፦ ሰው ሲወድቅ ማን ነበር የሚያነሣው? ደም ከወጣ ምን ይባል ነበር? ሁለቱ ልጆች ማታ በየትኛው ቤት አብረው ይበሉ ነበር?